ርካሽ ሲጋር ያዋጣል ወይ? ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚለዩበት መንገድ

ለሲጋር እንግዳ የሆነ ሰው ወደ መሸጫ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። በአንዱ መደርደሪያ አንዱ ፍሬ 3 ዶላር፣ በሌላው ደግሞ መጠኑም ቀለሙም የሚመሳሰለው 20 ዶላር ተብሎ ሲያገኘው፣ ወይ ርካሹ ሁሉ ገለባ ነው ብሎ ይደመድማል፣ ወይ ውዱን የሚገዙት ተታለዋል ብሎ ያምናል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ርካሽ ሲጋር የሚለው ስም ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ያጠቃልላል፤ አንደኛው ከደህና የትምባሆ ቅጠል በእጅ ተጠቅልሎ ከቅጠሉ ጥራት ጋር በማይያያዝ ምክንያት ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ፍርፋሪው ተሰብስቦ፣ ከትምባሆ ዱቄት በተሠራ ወረቀት መሰል ነገር ተሸፍኖ ከማሽን የወጣ ነው። የመጀመሪያው ለሚያጨስ ሰው በእርግጥ ያዋጣል። ሁለተኛውን ግን በነጻ ቢሰጥዎትም እንዲተዉት እመክራለሁ።

ወደ መለያው ከመግባታችን በፊት ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ አይጎዳም የሚባለው እውነት አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል፤ ኒኮቲኑም ጭሱ ሳይዋጥ በአፍ ውስጥ ብቻ ወደ ደም ይገባል። የአፍ፣ የማንቁርት፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር ከሲጋር ጋር የተያያዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው አልፎ አልፎ ለማጨስ አስቀድሞ ለወሰነ አዋቂ ነው፤ የማያጨስ ሰው ዋጋው ቀላል ነው ብሎ እንዳይጀምር። እንዲያውም በእኔ እይታ የርካሽነት ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ 20 ዶላር የሚያወጣውን በወር አንድ ጊዜ የሚያጨስ ሰው 2 ዶላር የሚያወጣውን ሲያገኝ ሳያስበው በየቀኑ ማጨስ ይጀምራል።

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ከውጭ የሚታየው መጠቅለያው ቅጠል፣ ከሥሩ ቅርጹን የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል፣ ከመሐል ደግሞ ሙሌቱ ነው። ጥራቱ የሚታወቀው በሙሌቱና በማሰሪያው ሲሆን፣ እነዚህ ደግሞ በመጠቅለያው ተሸፍነዋል። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ሲሞክሩ አንዱን ፍሬ እንዲሠዉት እመክራለሁ። ነጭ ወረቀት አንጥፈው ሲጋሩን በምላጭ ከእግሩ (ከሚለኮሰው ጫፍ) እስከ ራሱ (አፍ ውስጥ እስከሚገባው ጫፍ) በቁመቱ ይሰንጥቁት። ሙሌቱ ከእግሩ እስከ ራሱ ሳይቆረጡ የሚሄዱ፣ እርስ በርሳቸው የታጠፉ ረጃጅም ቅጠሎች ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን የሠሩት ሰዎች ደክመውበታል። እንደ ሻይ ቅጠል ወረቀቱ ላይ ከተዘረገፈ የተከታተፈ ቅጠል ነው። በረጅም ቅጠሎች መካከል ፍርፋሪ የተሞላበት ቅይጥም አለ፤ ጨዋ የሚባለው ርካሽ ሲጋር ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። ቀጥለው ማሰሪያውን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። እውነተኛ ቅጠል እንደ ደም ሥር የተሰራጩ ሥሮች አሉት፤ ሲቀዱትም ሥሩን ተከትሎ ይቀደዳል። ከዱቄት የተሠራው ግን ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፣ ሥር የለውም፣ በየትኛውም አቅጣጫ እንደ ካርቶን ይቀደዳል።

ለመሰንጠቅ ለማይፈልጉ ሰዎች የአሜሪካ ማሸጊያዎች ራሳቸው ይናገራሉ። በነዳጅ ማደያና በመንገድ ዳር ሱቅ የሚሸጡት ብዙዎቹ በትንንሽ ፊደል በአብዛኛው የተፈጥሮ ትምባሆ መሆናቸውንና ትምባሆ ያልሆነ ነገር እንደተጨመረባቸው ይገልጻሉ። ይህን ካነበቡ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ሲጋራ መስለው ማጣሪያ ያላቸው ትንንሽ ሲጋሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ፌዴራላዊ የትምባሆ ግብር ሲጨምር አንዳንድ አምራቾች የትንንሾቹን ክብደት ጥቂት ከፍ በማድረግ ብቻ ትልቅ ሲጋር ተብለው ዝቅ ያለ ግብር እንዲከፈልባቸው አድርገዋል። ርካሽ የሆኑበት ምክንያት ከቅጠሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

አሁን ደህናው ሲጋር እንዴት ርካሽ ሊሆን እንደሚችል እንመልከት፤ ይህን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልምና። ከቅጠሎቹ ሁሉ ውዱ መጠቅለያው ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ የሚበቅለው ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው በጨርቅ ጥላ ሥር ይለማል፤ ነጥብ ወይም ቀዳዳ ያለበት ለመጠቅለያነት አይመረጥም። በኒካራጓዋ ኤስቴሊ፣ በሆንዱራስ ዳንሊ ወይም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳንቲያጎ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች፣ አንድ ሣጥን ውስጥ የሚገቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲኖራቸው ስለሚፈለግ፣ ትንሽ የጠቆረው ወይም የገረጣው ተለይቶ ስሙ የታተመበት የወረቀት ቀለበት ሳይደረግበት፣ 20 ወይም 25 ሆኖ በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል። የሚያጨሰው ሰው የሚያጣው የሣጥኑን ውበት ብቻ ነው። ግብርም ሌላ ምክንያት ነው፤ የኒው ዮርክ ግዛት ከጅምላ ዋጋው 75 በመቶ ሲያስከፍል፣ ፍሎሪዳ በሲጋር ላይ የግዛት ግብር የላትም። ያው ፍሬ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ዋጋው የሚለዋወጠው ስለዚህ ነው።

ከኩባዎቹም መካከል ሆዜ ኤል ፒድራና ኪንቴሮ የሚባሉት በእጅ የተጠቀለሉ ነገር ግን ሙሌታቸው የተከታተፈ ነው። ከታላላቆቹ የኩባ ስሞች ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ቶሎና ሞቅ ብለው ይነዳሉ፣ አንዳንዴም ፍርፋሪ ምላስ ላይ ይቀራል፣ ይሁንና የአገሩን ቅጠል ጠረን ይዘዋል። የጣሊያኑ ቶስካኖ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ኬንታኪ በሚባለው ዝርያ፣ በእንጨት ጭስ በደረቀ ትምባሆ ይሠራል፤ ደረቅ ሆኖ ስለሚጨስ የእርጥበት ሣጥን (ሌሎች ሲጋሮች እንዳይደርቁ የሚቀመጡበት) አያስፈልገውም። ከመሐሉ ለሁለት ተቆርጦ ግማሽ ግማሹ ይጨሳል፤ አንዱን ፍሬ ለሁለት ቀን ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ደህናውን ሲጋር ርካሽ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ነው፤ እሱም የጊዜ ማነስ ነው። ትምባሆ ከደረቀ በኋላ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፤ ክምሩም እየተገለበጠ አሞኒያው ከቅጠሉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም ቅጠሉ ታሽጎ ለረጅም ጊዜ፣ ለአንዳንዱም ለዓመታት፣ ይቀመጣል። ጊዜ ለፋብሪካው ገንዘብ ነውና የቸኮለ አምራች ከዚህ ላይ ይቆርጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሳይለኮስ እግሩን ሲያሸቱት አፍንጫ የሚነካ፣ የሽንት ወይም የጽዳት ኬሚካል የመሰለ ሽታ ካለው አልበሰለም።

እዚህ ላይ ከራሴ የተማርኩትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ መሸጫ 20 ፍሬ ያለው እስር ገዝቼ በደረሰኝ ዕለት ለኮስኩ። ምላሴን አቃጠለኝ፤ የሁለተኛውን ግማሽ ሳልጨርስ ጣልኩት፤ የቀረውንም ለወዳጄ ሰጠሁት። እሱ በእርጥበት ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ረሳው። ከሦስት ወር በኋላ ቤቱ ሄጄ አንዱን ሲሰጠኝ ያው ሲጋር መሆኑን ማመን አቃተኝ፤ ምሬቱ ለስልሶ የተቆላ ኦቾሎኒና የእንጨት ጠረን መጥቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ርካሽ ሲጋር ገዝቼ ከስድስት ሳምንት በፊት አልፈርድበትም።

ማስቀመጫ ውድ መሆን የለበትም። አየር የማያስገባ የምግብ ዕቃ ከክዳኑ ጋር፣ 65 ወይም 69 በመቶ እርጥበት የሚጠብቅ ከረጢትና አንድ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያውን ግን ሳይፈትሹ አይመኑት። በአንድ ቆርኪ የገበታ ጨው ሞልተው ጥቂት ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡበት፤ ጨው እርጥብ አሸዋ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ቆርኪውንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ዘግተው አንድ ቀን ያቆዩ። ልክ የሆነ መለኪያ 75 ያሳያል፤ 71 ካሳየ ሁልጊዜ 4 ዝቅ አድርጎ ያነባል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ይጠንቀቁ፤ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ሲጋር በቀናት ውስጥ ደርቆ መጠቅለያው ይሰነጠቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ደግሞ ሙቀቱን ይፍሩ፤ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል የሚፈለፈለው ክፍሉ ሲሞቅ ነውና ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ ይመረጣል። መጠቅለያው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ካዩ ያንን ፍሬ ወዲያው ከሌሎቹ ይለዩት።

አንድ ዓይነት ርካሽ አለ፣ ፈጽሞ እንዳይነኩት። በመዝናኛ ባሕር ዳርቻና በጎዳና ላይ በቅናሽ የሚሸጥ ኮሂባ (ታዋቂው የኩባ ሲጋር) የውሸት ነው ብለው ቢነሱ አይሳሳቱም። ክዳኑ ላይ መስታወት ያለበት የኮሂባ ሣጥን ከቀረበልዎት ምርመራው እዚያው ያበቃል፤ እንዲህ ያለ ሣጥን ከኩባ ፋብሪካ አይወጣም። በውስጡ የተጠቀለለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሲያጨሱ ለሲጋሩ ፍትሐዊ ዕድል ይስጡት። በጣቶችዎ ከእግር እስከ ራስ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቦታ ካለ አየር አያሳልፍም፣ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ደግሞ ሙሌቱ ጎድሏል። ራሱን ሲቆርጡ ከላይ የተለጠፈችውን ቆብ ብቻ ይንኩ፤ ከዚያ ዝቅ ካሉ መጠቅለያው ይተረተራል። ሳይለኩሱት አንድ ጊዜ ይሳቡት፤ የሚያስጨንቅ ከሆነ ሲነድም አይሻሻልም። እግሩን ከነበልባሉ በላይ እያዞሩ ያሙቁት እንጂ እሳቱ ውስጥ አይንከሩት፤ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይም አይሳቡት። በተለይ የተከታተፈ ሙሌት ሲቸኩሉበት ግሎ ይመራል፤ ሰዎች በርካሽ ሲጋር ላይ ከሚያሰሙት ቅሬታ ብዙው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። የመጨረሻውን ሲሶ መጨረስም ግዴታ አይደለም፤ ሬንጅና ሙቀት የሚከማቸው እዚያ ነው። አጠገብዎ ስኳር የሌለው ቡና ቢኖር ጣዕሙን ለመለየት ይረዳል። የሚያጨሱበት ቦታ ግን ክፍት አየር፣ ከልጆችና ከማያጨሱ ሰዎች የራቀ ይሁን። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ዝግ ቦታዎች ማጨስ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያዋጣ መሆኑን የሚወስነው ሂሳቡ ነው። የርካሽ ሲጋር ዋና ጉድለት አለመመሳሰሉ ነው፤ ከአንድ እስር አንዱ ግሩም፣ ቀጣዩ የታፈነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስሩን ከመግዛትዎ በፊት ከተቻለ አምስት ፍሬ ገዝተው አንዱን ይሰንጥቁ፣ አራቱን አሳርፈው ያጭሱ፣ የእያንዳንዱንም ውጤት በማስታወሻ ይጻፉ። 20 ፍሬ በ60 ዶላር ገዝተው 4ቱ ባይስቡ የከፈሉት ለእያንዳንዱ ደህና ፍሬ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፤ አሁንም ጥሩ ግዢ ነው። 8ቱ ከተበላሹ ግን 5 ዶላር ከፍለዋል፤ በዚያ ዋጋ አስተማማኝ የሆነ፣ ሙሌቱ ሙሉ ቅጠል የሆነ ሲጋር ስለሚገኝ እስሩን ትተው ወደዚያ ይሂዱ።