ለሕክምና ጥናት ከመፈረምዎ በፊት

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም በመሀል አዲስ አበባ ባለ ሌላ የሕክምና ተቋም ተራዎን ሲጠብቁ በጥናት እንዲሳተፉ ቢጠየቁ፣ አስቀድመው የቀረበልዎ ነገር ሕክምና ይሁን ምርምር ይለዩ። ሕክምና የእርስዎን ጤና ለመመለስ የሚደረግ ሲሆን፣ ምርምር ግን ለወደፊት ሕሙማን የሚበጅ ዕውቀት የሚፈለግበት በመሆኑ እርስዎን በቀጥታ ላይጠቅም ይችላል፤ በአንዳንድ ጥናቶችም አዲሱን መድኃኒት ማን እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው።

የስምምነት ቅጹ በሚገባዎት ቋንቋ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ፤ ከቤተሰብ ጋር ለመመካከርም ጊዜ ይውሰዱ። ጥናቱን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አጽድቆት እንደሆነና ጉዳት ቢደርስብዎ የሚያሳክምዎት ማን እንደሆነ ያረጋግጡ።

የደም ናሙና ሲሰጡ ግን ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ በደምዎ ውስጥ ያለው ዘረመል (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር መረጃ) የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የልጆችዎንና የወንድም እህቶችዎንም ምስጢር ይዟል። ስለዚህ ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነና ለሌላ ጥናት ይውል እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ያልተስማሙበት ነጥብ ካለም በግልጽ ይናገሩ።

ብዙዎቻችን ሐኪምን እንቢ ማለት ነውር ይመስለናል፤ እኔ ግን ይህ አክብሮት ፈቃደኝነትን ሊተካ አይገባም እላለሁ። የዓለም ሕክምና ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ከዚያም በተደጋጋሚ ባሻሻለው፣ በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መርሖችን በያዘው የሄልሲንኪ መግለጫ መሠረት፣ ተሳታፊ ከፈረመ በኋላም ቢሆን በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ መውጣት ይችላል፤ በመውጣቱም መደበኛ ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። ለመውጣት ሲወስኑ ለተመራማሪው ይንገሩ፣ የፈረሙበትንም ቅጽ ቅጂ ይያዙ።