የቆሰለ ወይም የተሰዋ ወታደር ቤተሰብ የጡረታ መብቱን እንዴት ያስከብራል? (ለጅማና አካባቢዋ ነዋሪዎች)

ልጁን ወይም አባወራውን ለአገር የሰጠ ቤት ጡረታ ሊጠይቅ ሲሄድ አንገቱን መድፋት የለበትም። ይህ ገንዘብ ችሮታ አይደለም። ወታደሩ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት፣ መከላከያም በላዩ 25 በመቶ ሲያዋጣለት የኖረ ነው። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው፤ ወታደሩንም ያቅፋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚንገላታው መብት አጥቶ አይደለም። ወረቀቱ እርስ በርሱ ስለማይስማማ ነው። ስለዚህ ዋናው ልፋት ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ፣ የሚገባችሁን እወቁ

በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ከእንግዲህ መሥራት የማይችል ወታደር የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። መነሻው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው የነበረ ደመወዝ 47 በመቶ ነው። እዚህ ላይ እንደ ሌላው ጡረታ 10 ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም፤ በተቀጠረ በዓመቱ ቢቆስልም መብቱ ነው። መሥራት እየቻለ ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለው።

ወታደሩ ከሞተ፣ ሚስት (ወይም ባል) የሟቹን አበል፣ ማለትም ይከፈለው የነበረውን ወይም ሊከፈለው ይገባ የነበረውን ጡረታ፣ 50 በመቶ ትወስዳለች። ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ። በአብዛኛው በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ እናትና አባት እያንዳንዳቸው 15 በመቶ። ድምሩ ግን ከመቶ በመቶ አይበልጥም። የሟቹ አበል 4,000 ብር ቢሆን ለሚስት 2,000፣ ለሁለት ልጆች 800፣ 800 ይደርሳል። በዚያ ላይ እናት 600 ሲጨመር 4,200 ስለሚሆን ከየድርሻው ይቀነሳል። ይህን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር በምራትና በአማት መካከል የሚነሳውን ቅሬታ ያቀላል፤ ያማል ግን መነጋገሩ ይሻላል።

የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያለው ሁሉ ጡረታ አይደርሰውም። አበሉ የውርስ ንብረት አይደለም። ያደገ ወንድም የቤቱ ወራሽ ሊሆን ይችላል፣ የጡረታው ተተኪ (የሟቹ አበል የሚተላለፍለት ሰው) ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሠራዊቱን ወረቀት አስወጡ

ለሟች ቤተሰብ፦ ከመከላከያ የሚሰጥ የሞት ማረጋገጫ ደብዳቤ። መርዶ በሽማግሌ መጣ ማለት ደብዳቤ መጣ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ሙሉ ስሙን፣ የሠራዊት መለያ ቁጥሩን፣ የሞተበትን ቀንና በግዳጅ ላይ መሞቱን መያዙን እዚያው አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ የሚያነብላቸው ልጅ ይዘው ይሂዱ።

ለቆሰለ ወታደር፦ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን የሚገልጽ የክፍሉ ማስረጃና የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ። በቦርድ ተሰናብታችሁ ከሆነ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ የተጻፈበትን ወረቀት ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ የታከማችሁበትን ወረቀት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ የራጅ ፊልሙንም ጭምር።

ወታደሩ ደብዛው ጠፍቶ፣ ሞቷል የሚልም በሕይወት አለ የሚልም ከሌለ፣ መጀመሪያ ለክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የዚህ ዓይነት ቤት ሐዘኑንም ተስፋውንም ተሸክሞ ነው የሚኖረው፤ እባካችሁ ጎረቤት የሆናችሁ አብራችኋቸው ሂዱ።

ሦስተኛ፣ የቤቱን ወረቀት አስማሙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጅማ ላይ ጉዳይ የሚቆመው በአብዛኛው እዚህ ነው።

ጋብቻ፦ ብዙዎቻችን በኒካ ወይም በሽማግሌ ነው የተጋባነው፣ ወሳኝ ኩነት ጋ አልተመዘገብንም። ያ መብት አያሳጣም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በመደበኛው ፍርድ ቤት ጋብቻው መኖሩን ምስክር አቅርባችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ሠርጉን ያዩ፣ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያውቁ ሰዎች ምረጡ።

ስም፦ የቀበሌውና የፍርድ ቤቱ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ይወጣል። የጡረታው ፋይል ግን በአማርኛ ነው። ሲተረጎም በሠራዊቱ መዝገብ «ከድር» የነበረው ሰው በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ካዲር» ሆኖ ቁጭ ይላል። ለተርጓሚው የሠራዊቱን ደብዳቤ ኮፒ ስጡትና ስሙን እሱ ላይ እንዳለው እንዲጽፈው ንገሩት። አንዳንዱ ደግሞ ሲቀጠር የአያቱን ስም ቀይሯል፣ ወይም ሰፈር በሚጠራበት ስም ተመዝግቧል፤ ያኔ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ ማመልከት ነው። የፋይዳ መታወቂያችሁና የባንክ ደብተራችሁም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁኑ።

ልጆች፦ የልደት ምስክር ወረቀት። እናት በሕይወት ካለች የልጆቹን አበል እሷ ትቀበላለች። አያት ወይም አጎት የሚያሳድጋቸው ከሆነ ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ አመልክቱ

የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የጅማ ቅርንጫፍ ሂዱ፤ «ጡረታ ቢሮ» ብትሉ ሰው ያሳያችኋል። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ፣ ግን ዋናውን አስተያይተው እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ። ፋይላችሁን የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ከማና፣ ከሰቃ ወይም ከጎማ የምትመጡ በጠዋት ተነሱ፤ ወረቀት ጎደለ ቢባል በዚያው ቀን ማሟላት ትችሉ ይሆናል። አትዘግዩ፤ ሕጉ የወሰነው የመጠየቂያ ጊዜ ካለፈ ውዝፍ አበል በይርጋ ይታገዳል።

ደላላ አትክፈሉ። «ሰው አለኝ፣ ቶሎ አስጨርሳለሁ» የሚል በር ላይ አይጠፋም። ዋናውን ሰነድ ለእንዲህ ዓይነት ሰው መስጠት ከገንዘቡም የባሰ ጉዳት ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ጉዳተኛ ወይም እናት ካለ ለሚያምኑት ዘመድ ሕጋዊ ውክልና ይስጡ።

መልሱ «አይገባችሁም» ከሆነ በቃል ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ። በእሱ ላይ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይቻላል፤ ቀነ ገደብ ስላለው ወረቀቱ በእጃችሁ እንደገባ ተንቀሳቀሱ።

ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ አሁንም በሠራዊቱ ውስጥ ከሆነ፣ ፈቃድ ሲመጣ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያገባት ሚስቱ፣ የተወለዱት ልጆቹ፣ የሚጦራቸው ወላጆቹ ተጽፈዋል ወይ? ካልተጻፉ የጋብቻና የልደት ማስረጃውን ይዞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ያስመዝግብ።