ከተፈረደልኝ በኋላ ወጪና ኪሳራዬን እንዴት እንዳስመለስኩ

የቡና ሽያጭ ገንዘቤን የያዘብኝን ሰው ጅማ ላይ ከስሼ ረታሁ። ዋናውን ገንዘብ ከፈለ። የዳኝነቱን (ክስ ስከፍት ለፍርድ ቤት የከፈልኩትን)፣ የጠበቃውንና የምስክሮቹን ወጪ ግን «ፍርዱ ላይ የለም» ብሎ እምቢ አለ።

ፍርዱ መጨረሻ ላይ «ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» ይላል። ዋናው ነገር ይህ መስመር ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 462 ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ በቁጥር 463 ደግሞ የተፈረደለት ወገን ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ያቀርባል። «ግራ ቀኙ ይቻቻሉ»፣ ማለትም ሁለቱም የየራሳቸውን ወጪ ይሸፍኑ፣ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ዝግ ነበር።

ዝርዝሩን የችሎቱ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአፋን ኦሮሞ አስጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ወጪ ጋር ማስረጃውን አያያዝኩ፦ የዳኝነት ደረሰኝ፣ የጥብቅና ውልና የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የሰነድ ማስተርጎሚያ፣ ከአጋሮ የመጡት ምስክሮች ትራንስፖርትና አበል። ተከሳሹ የጠበቃው በዛ ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ቀነሰው። ቅር አላለኝም፤ ተመጣጣኙን መወሰን የዳኛው ሥልጣን ነው። ደረሰኝ ያለው ሌላው ሁሉ ጸደቀልኝ።

ከትዕዛዙም በኋላ ዝም ሲል፣ ግልባጩን ይዤ በቁጥር 378 መሠረት ፍርድ ቤቱ በግድ እንዲያስከፍልልኝ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈትኩ። መጥሪያው ሲደርሰው በቀጠሮው ቀርቦ ከፈለ።

ክርክር ላይ ያላችሁ፣ ለምስክር የባጃጅ ስትከፍሉ ደረሰኝ ስለማይገኝ የተቀበለበትን በፊርማ አስቀሩ። የእኔ በዚያው ተይዞልኛል።