በአነስተኛ ገንዘብ የሱፐርሂሮ አድናቂዎች ፊልም እንዴት ይሠራል?

የአድናቂዎች ፊልም የሚባለው፣ ልዩ ኃይል ያለውን ጀግና (ሱፐርሂሮ) የሚወዱ ሰዎች ስለ እሱ በራሳቸው አቅም የሚሠሩት ፊልም ነው። አንድ ትልቅ ስቱዲዮ ሕንፃ ሲፈርስ የሚያሳይ ትዕይንት ለመሥራት በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ለወራት ያሰማራል። ይህንኑ ትዕይንት ከአራት ጓደኞቹና ከአንድ ካሜራ ጋር ለመድገም የሚነሳ አማተር፣ ምንም ያህል ቢደክም፣ ተመልካቹ ሁለቱን አስተያይቶ እንዲስቅ ከማድረግ አያልፍም። ስለዚህ ከካሜራ ምርጫም ሆነ ከልብስ ስፌት በፊት መወሰን ያለበት፣ በፊልሙ ውስጥ የማይታየው ምን እንደሆነ ነው። የጀግናውን ኃይል በቀጥታ ከማሳየት ይልቅ ኃይሉን ያየውን ሰው ፊት ማሳየት ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም የበለጠ ያሳምናል።

1. ታሪኩን ማጥበብ

የፊልሙ ርዝመት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ፣ የጻፉት 15 ገጽ ከሆነ ግማሹ መውጣት አለበት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጀግናው ኃይሉን እንዴት እንዳገኘ የሚተርከው ክፍል ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም የሚያይ ሰው ያንን ታሪክ ከጸሐፊው እኩል፣ አንዳንዴም አብልጦ ያውቀዋል። ቀጥሎ የቦታዎቹን ቁጥር ይቀንሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በዘርፉ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው «ባትማን፦ ዴድ ኤንድ» የተባለው የአድናቂዎች አጭር ፊልም በአብዛኛው የሚካሄደው በአንድ ዝናባማ ሌሊት፣ በአንድ ጠባብ የሕንፃዎች መተላለፊያ ውስጥ ነው። 30 ሺህ ዶላር ገደማ እንደወጣበት ስለሚነገር ለብዙ አማተር ርካሽ አይባልም፤ የቦታ ምርጫው ግን ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው ሊማርበት የሚገባ ነው፤ ጨለማው፣ ዝናቡና ሁለቱ ግድግዳዎች ሊሠራ የማይችለውን ዳራ ሁሉ ይጋርዳሉ።

የኃይሉ ዓይነትም ወጪውን ይወስናል። መብረር፣ እሳት መትፋትና ቅርፅ መለወጥ ውድ ናቸው። የሰውን ሐሳብ መስማት፣ መሰወር፣ ከፍተኛ ጉልበትና ፍጥነት ግን በካሜራ አቀማመጥ፣ በድምፅና በትወና ሊሠሩ ይችላሉ። ለአንድ አጭር ፊልም አንድ ኃይል ይበቃል።

2. የመብት ጉዳይ

ታዋቂ የሱፐርሂሮ ገጸ ባሕርያት ባለቤት አላቸው። በነፃ የሚለቀቅ ፊልም እንኳ ነፃ በመሆኑ ብቻ ከቅጂ መብትና ከንግድ ምልክት ጥያቄ አያመልጥም። ባለመብቶች ብዙዎቹን የአድናቂ ፊልሞች በዝምታ ያልፏቸዋል፤ ዝምታ ግን ፈቃድ አይደለም፤ ገንዘብ በገባበት ቦታ ደግሞ ዝምታው ቶሎ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ስታር ትሬክ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ባለመብቶች ከሕዝብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ የነበረን የአድናቂዎች ፊልም አዘጋጅ በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2016 ባወጡት መመሪያም የሚሰበሰበው ገንዘብ ከ50 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ፣ ለብቻው የቆመ ታሪክ ከ15 ደቂቃ እንዳይረዝም፣ ተሳታፊዎቹም ክፍያ የማይቀበሉ አማተሮች እንዲሆኑ አስታወቁ። መመሪያው የሌሎች ኩባንያዎችን ገጸ ባሕርያት አይመለከትም፤ ነገር ግን ባለመብቶችን የሚያሳስባቸው ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። በፊልሙ አይነግዱ፤ በመግቢያው ላይ ሥራው የአድናቂዎች እንደሆነና ከባለመብቱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይጻፉ፤ ይህን ማድረግዎ ግን የሕግ ከለላ እንደማይሰጥዎት ይወቁ። የእኔን ምክር ለሚፈልግ፣ በሚወዱት ጀግና መንፈስ የራስን ጀግና መፍጠር ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል፤ ፊልሙ ከተወደደ ደግሞ የሚቀጥለውን ለመሥራት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

3. ልብሱን መሥራት

ካለዎት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለጭምብሉና ከወገብ በላይ ላለው ልብስ ያውሉት፤ ካሜራው ተጠግቶ የሚያየው እሱን ነው። ቦት ጫማው ከሩቅ ወይም በጨለማ ከታየ ማንኛውም ጥቁር ጫማ ሊሆን ይችላል።

ለትጥቅ የሚመረጠው ኢቪኤ የሚባለው የፎም ዓይነት ሲሆን ለስፖርት ምንጣፍ የሚያገለግለው ያው ነው። ለደረትና ለትከሻ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለትንንሽ ጌጦች ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይስማማል። ልኩን ለማውጣት ተዋናዩን አሮጌ ልብስ አልብሰው ደረቱን በስስ ፕላስቲክ ይጠቅልሉ፤ ትንፋሹን እንዳያጠብቅ ተጠንቅቀው በላዩ ላይ ሰፊ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ከዚያም የትጥቁን መስመሮች በእስክሪብቶ ሥለው ከጀርባ በኩል በጥንቃቄ ቀደው ያውልቁት። የተሣለውን አንዱን ጎን ብቻ ወደ ወረቀት ገልብጠው ለሌላኛው ጎን ወረቀቱን ያገላብጡ፤ ሁለቱም ትከሻዎች እኩል የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። ፎሙን በተሳለ ምላጭ ይቁረጡ፤ የደነዘ ምላጭ ጠርዙን ይቦጫጭቀዋል። ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ሲያሞቁት ለስላሳ ይሆናል፤ በጉልበትዎ ወይም በድስት ላይ አጉብጠው እስኪቀዘቅዝ ከያዙት ቅርፁን ይጠብቃል። ማስቲሽ በሁለቱም ጠርዞች ላይ ቀብተው እጅ የማይዝ እስኪሆን ይጠብቁና አንድ ጊዜ አስተካክለው ይጫኑት፤ ከተጣበቀ በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ማስቲሹም ሆነ የሚሞቀው ፎም የሚያወጣው ጭስ ጎጂ ስለሆነ ሥራው አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ መሠራት አለበት።

ከቀለም በፊት በውኃ የቀጠነ ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት፤ አለበለዚያ ፎሙ ቀለሙን ይመጠዋል። ከዚያ ጥቁር መደብ ይቀቡና፣ ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ ጠርዞቹን ብቻ በብርማ ቀለም ይንኳቸው። ልብሱ ከተሠራ በኋላ ጥቂት ያቆሽሹት፤ አዲስ የሆነ የጀግና ልብስ በስክሪን ላይ ከሱቅ የተከራየ ይመስላል። ለካባ ከበድ ያለ ጨርቅ ይምረጡ፤ ስስ ፖሊስተር በነፋስ ይርገፈገፋል እንጂ አይወርድም። በእጥፋቱ ውስጥ ትንንሽ ብረቶች መስፋት ክብደት ይሰጠዋል። ጭምብሉ ዓይን አካባቢ የሚታየውን ቆዳ በጥቁር ኩል መሙላት አይርሱ።

አፍን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጭምብል ትልቅ ቁጠባ ያመጣል፤ የጀግናው ንግግር ሁሉ ኋላ በጸጥታ ክፍል ሊቀረጽ ይችላል፤ ከጭምብሉ በስተጀርባም ሌላ ሰው ሊቆም ይችላል። ከቀረጻው ቀን በፊት ተዋናዩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥ፣ እጁን ያንሣ፣ ይሩጥ፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትም አሁኑኑ ይለኩት፤ የቀረጻው ፕሮግራም ከሚያስቡት በላይ በዚህ ጉዳይ ይወሰናል።

4. ካሜራና ብርሃን

አዲስ ስልክ ይበቃል። በእጅ መቆጣጠር በሚፈቅድ መተግበሪያ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/48 ወይም 1/50 ሰከንድ አድርገው፣ ፎከሱን፣ የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን ይቆልፉ። ስልክ በየሰከንዱ ብርሃን ሲያስተካክል የሚታይ ምስል ወዲያውኑ አማተርነትን ያሳብቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሌሊት ትዕይንት ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ ጀግና በጨለማ ውስጥ ሲቆም ጀግናም ጨለማም አይለዩም። መፍትሔው መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጀርባና ከጎን ማድረግ ነው፤ አንድ መብራት ብቻ ካለዎት ከተዋናዩ ጀርባ ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ የትከሻውና የጭምብሉ ጠርዝ በብርሃን መስመር ይወጣል። መሬቱን በውኃ ማርጠብ ያንኑ መብራት በነፃ እጥፍ ያደርገዋል፤ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ግን ከውኃው መራቅ አለባቸው። ሰፊ ቦታ ማሳየት ካለብዎት ፀሐይ እንደጠለቀች ባሉት 20 ደቂቃዎች ይቅረጹ፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ስለሆነ ካሜራው ያያል፤ ተመልካቹ ግን ሌሊት ነው ብሎ ይቀበላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ ልምምዱ ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት።

5. ኃይሉን ማሳየት

ጉልበት የሚታየው በክብደት ነው። ከፎም የተሠራ ድንጋይ የሚያነሣ ተዋናይ ጉልበቱ ሲወጠር፣ እግሩ መሬት ሲይዝ፣ ድንጋዩ ሲወድቅ ካሜራው በትንሹ ሲንቀጠቀጥና ከባድ ድምፅ ሲጨመርበት ተመልካቹ ስለ ፎሙ አያስብም። የሚበር ነገርን በእጅ መቅለብ ለማሳየት ተዋናዩ ነገሩን ወደ ውጭ ሲወረውር ይቅረጹና ምስሉን ወደኋላ ያጫውቱት። ለፍጥነት ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አጥብቀው ያስሩ፤ ተዋናዩ በቦታው ሲቆም ይቅረጹ፤ ካሜራው ሳይነካ እሱ ይውጣና ባዶውን ቦታ ይቅረጹ፤ ሁለቱን ምስሎች አገጣጥመው በመካከሉ የሚበታተን ወረቀትና አጭር የንፋስ ድምፅ ይጨምሩ።

ከሰማይ ወርዶ በጉልበት ማረፍ ከአንድ ዝቅተኛ ወንበር በመዝለል ይሠራል። ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል፤ ወንበሩ ከምስሉ ውጭ ነው፤ በማረፊያው ላይ የተነሰነሰ ጥቂት ደረቅ አፈር አቧራ ያነሣል። መነሣትም እንዲሁ ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ ሽቅብ ሲያይ፣ ካሜራው በፍጥነት ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ከዚያ አንገታቸውን ቀና ያደረጉ ሰዎችን ያሳዩ። የግድ በአየር ላይ መታየት ካለበት ተዋናዩን አረንጓዴ ጨርቅ በተሸፈነ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ አስተኝተው በአየር ማራገቢያ ካባውን ያንሡ። ከጀርባ ያለው፣ ኋላ በኮምፒውተር በሰማይ ምስል የሚተካው አረንጓዴ ጨርቅ ሳይጨማደድ ተወጥሮ ለብቻው እኩል መብራት ይጣልበት፤ ተዋናዩም ከእሱ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ የጨርቁ አረንጓዴ ነጸብራቅ በትከሻው ላይ ይወድቃል። ልብሱ ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ሰማያዊ ጨርቅ ይጠቀሙ።

ጨረር፣ መብረቅና የሚያበራ ዓይን በኮምፒውተር ይጨመራሉ፤ ብሌንደር የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ይሁን እንጂ ጨረሩ የሚታመነው በቀረጻ ላይ በተሠራው ሥራ ነው፤ ጨረሩ ቀይ የሚሆን ከሆነ፣ በሚተኮስበት ቅጽበት አንድ ረዳት ቀይ መብራት በተዋናዩ ፊትና በአቅራቢያው ግድግዳ ላይ ያብራ። ብርሃን የማይጥል ጨረር ምንም ቢያምር የተለጠፈ ተለጣፊ ነው።

6. ድብድቡ

ማንም ማንንም አይነካም። ሁለቱ ተዋናዮች የአንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ይቆማሉ፤ ካሜራው ከአንዱ ትከሻ በስተኋላ ሆኖ ርቀቱን ይደብቀዋል፤ ምቱን እውነት የሚያደርገው ተመቺው ራሱን የሚወረውርበት ሰዓት ነው። በአንድ ሾት (ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ በሚቀረጽ ምስል) ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት እንቅስቃሴ በላይ አያስገቡ፤ መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት ደጋግመው ይለማመዱ። በሁለቱ መካከል በሐሳብ መስመር ያስምሩና ካሜራውን ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ ያቆዩት፤ ካለፈው ተመልካቹ ማን ማንን እንደመታ ይጠፋበታል። እውነተኛ ብርጭቆ፣ ስለትና ከፍታ አይጠቀሙ። የጦር መሣሪያ የሚመስል አሻንጉሊት በሕዝብ ቦታ የሚታይ ከሆነ የአካባቢውን ነዋሪዎችና ፖሊስን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ካሜራውን ላያይ ይችላል።

7. ድምፅ

ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። የካሜራውን ማይክሮፎን ለማመሳከሪያ ብቻ ይጠቀሙና ንግግሩን በልብስ ላይ በሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎን ወደ ሌላ ስልክ ይቅረጹ። በየሾቱ መጀመሪያ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ኋላ ምስሉንና ድምፁን የሚያገጣጥሙት በዚያ ነው። ቦታውን ከመልቀቅዎ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 30 ሰከንድ የቦታውን ጸጥታ ይቅረጹ፤ በተቆራረጡ ንግግሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው።

ሌላው ድምፅ ሁሉ ኋላ በቤት ይሠራል። ፊልም ሠሪዎች ይህን ሥራ በቀደመው የሆሊውድ ባለሙያ በጃክ ፎሊ ስም ፎሊ ይሉታል። ለቡጢ እርጥብ ፎጣ በጠረጴዛ ላይ መምታት፣ ለካባ ከበድ ያለ አንሶላን በማይክሮፎን አጠገብ ማራገፍ፣ ለአጥንት ስብራት ጥሬ ካሮት መስበር ይበቃል። በድብድብ ትዕይንት ላይ ከአንድ ቀን ተጨማሪ ቀረጻ ይልቅ በእነዚህ ድምፆች የሚያጠፉት አንድ ምሽት የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የታወቀ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ አይውሰዱ፤ ዩቲዩብ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ በራሱ ለይቶ ፊልሙን ሊያግደው ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያስተላልፈው ይችላል።

8. ኤዲቲንግ

የዕለቱን ቀረጻ በዕለቱ ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገልብጡ፤ ከዚያ በፊት የስልኩን ማኅደር አያጽዱ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነፃ ቅጂ ስላለው ለመቁረጥ፣ ለቀለምና ለድምፅ በእሱ ብቻ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃና ያለ ልዩ ውጤት ይቁረጡ፤ በዚህ ሁኔታ የማይገባ ታሪክ በጨረር አይድንም። ልዩ ውጤት ያለበት ሾት ከሁለት ሰከንድ ከበለጠ ተመልካቹ መመርመር ይጀምራልና ያሳጥሩት፤ ወዲያው ወደ ምስክሩ ፊት ይሻገሩ። ከዚያ በቀረጻው ላይ ላልነበረ አንድ ሰው ያሳዩትና ምንም ሳያብራሩ ታሪኩን መልሶ እንዲነግርዎት ይጠይቁት። የተሳሳተበትን ቦታ ይመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የአንድ ፊት ወይም የአንድ እጅ ቅርብ ምስል ስለሚሆን ልብሱን እስከዚያ ድረስ አይበትኑት።