የቱዩብና የትራንዚስተር አምፕሊፋየርን ቤት ውስጥ እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

«የቱዩብ ድምፅ ሞቅ ይላል» የሚል ሰው ፒያሳም ካዛንቺስም አይጠፋም። ችግሩ «ሞቅ አድርገው» ስንል ድምፁን ጨምር ማለታችንም ጭምር ነው። ከሁለት አምፕሊፋየሮች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ካለ ጆሮ «ጨመረ» አይልም፤ «አማረ» ይላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከጆሮ ሳይሆን ከቴስተር (ከቮልት መለኪያው) ነው።

አስቀድሞ ግን ጥንቃቄ። ቱዩብ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ፍም መስሎ የሚበራው የመስታወት አምፖል ነው፤ ትራንዚስተር ያንኑ ሥራ ያለ አምፖል የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። የቱዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ 300 እና 400 ቮልት ይገኛል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ የያዙት ኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል ስለሚችል ክዳኑን አይፍቱ። ስፒከር ሳይያያዝም አያብሩት፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ትራንዚስተሩን የሚያቃጥለው ደግሞ የስፒከር ሽቦዎች እርስ በርስ መነካካት ነው።

ሰዓትም ይምረጡ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት 220 ቮልቱ ይወርዳል፣ ቱዩቡን የሚያግለው ሽቦም አብሮ ይቀዘቅዛል። ስታብላይዘር ካለዎት ሁለቱንም በእሱ ላይ ይሰኩ።

አሁን አንድ ስፒከር፣ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ዘፈን ያዘጋጁ። 400 ኸርዝ የሆነ የሙከራ ድምፅ ስልክዎ ላይ ያውርዱና ያጫውቱ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ስፒከሩ እንደተያያዘ፣ ሁለቱ የስፒከር ጫፎች ላይ ይለኩ። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር 1 ቮልት እስኪያሳይ ድምፁን ያስተካክሉ፤ ሁለተኛው ከ0.99 እስከ 1.01 ባለው ውስጥ ይግባ። የድምፅ ማስተካከያውን ቦታ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። በነገራችን ላይ 1 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ የዋት አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው፤ ሳሎን ሲሞላ ግን ይሰሙታል። በ300ቢ ቱዩብ የሚሠራ 8 ዋት አምፕሊፋየርን አይናቁ የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ረዳት ያስፈልጋል። ቱዩቡ ስለሚግል ነጠላው ሳይነካው፣ መሣሪያዎቹን ከፊት ለፊት በነጠላ ይጋርዱና ረዳትዎ ሳንቲም እየጣለ የትኛው እንደሚጫወት ይወስን። ስፒከሩን የሚያዛውረው ሁለቱንም አጥፍቶ ነው። ቱዩብ እስኪግል አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ፣ ተራው የትራንዚስተሩ ሲሆንም ያንኑ ያህል ይቆይ፤ አለበለዚያ መቆየቱ ራሱ ያሳብቃል። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ከ10 ዙር 9 ጊዜ በትክክል ከለዩ ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማዎታል፤ 5 ወይም 6 ከሆነ ግን ግምት ነው።

ምን ይደመጥ? እኔ በበገና እጀምራለሁ። በየአውታሩ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚፈጥረው ንዝረት ድምፁን በብዙ ንብርብር ይሞላዋል። ቱዩብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራሱ ጨምሮ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ (በንዝረት እጥፍ) ከፍ ያለ ጥላ ያክልበታል፤ ጆሮ ይህን እንደ ውፍረት ይቀበለዋል። ደስ ይላል፣ ግን ቀረጻው ላይ ያልነበረ ነገር ነው። ከዚያ ከበሮ ያለበት ሙዚቃ ያጫውቱ። ብዙ የቱዩብ አምፕሊፋየሮች የስፒከሩን ወረቀት አጥብቀው ስለማይዙ ምቱ ይንዘላዘላል፤ ትራንዚስተሩ ግን ቆረጥ ያደርገዋል።

ለእኔ ለዘወትር ትራንዚስተሩ ይበልጣል። መብራት ደጋግሞ ሄዶ በሚመጣበት ቤት ቱዩብ ያሳስባል፤ የኃይል ቱዩቦች ደግሞ ጥቂት ሺህ ሰዓት ሠርተው ይደክማሉ። ቱዩቡ ከማረክዎት ግን ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ሻጩን «ምትኩን ከየት አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቁት።