ፋይናንስ ላይ መቀጠር ካሰባችሁ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ብዙ የኢንቨስትመንት ባንክ (ለኩባንያዎች ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ግዢና ሽያጫቸውን የሚያማክር ባንክ ነው) ማመልከቻ ፎርሞች ላይ «ዩኒቨርሲቲዎን ከዝርዝሩ ይምረጡ» የሚል ሳጥን አለ። ወደ ታች ትወርዳላችሁ። አሁንም ትወርዳላችሁ። የእናንተ የለም። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የምትለዋን ትጫናላችሁ፣ ሆዳችሁም ትንሽ ይባባል።

«ሌላ» ብቻዋን አትጥላችሁም። ግን ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ እናንተ የሌላችሁ ሦስት ነገር አለው፦ ቀጣሪው ግቢው ድረስ ይመጣለታል፣ ባንኩ ውስጥ ከሱ ቀድመው የተመረቁ ሰዎች አሉት፣ መቼ ማመልከት እንዳለበት ደግሞ ገና አንደኛ ዓመት ሳለ ከሲኒየሮቹ ሰምቷል። ትምህርቱማ ያን ያህል አይለያይም፤ የቦንድ ዋጋ አሰላል የትም ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ እነዚህን ሦስቱን ፈልጉ።

1. የትኛው ፋይናንስ እንደሆነ ወስኑ

ኢንቨስትመንት ባንክና ፕራይቬት ኢኩዊቲ (ኩባንያ ገዝቶ አሻሽሎ የሚሸጥ ድርጅት) ስም ላይ ድርቅ ይላሉ። ኦዲት፣ ኢንሹራንስ፣ ተራ ባንክ፣ የኩባንያ ፋይናንስ ክፍል ለቀቅ ያሉ ናቸው። ለምሳሌ ትልቁ የኦዲት ድርጅት ፒደብሊውሲ ብሪታንያ ውስጥ «ቱ ዋን» የሚባለውን የምረቃ ማዕረግ ከአመልካቾች መጠየቁን በአውሮፓውያኑ 2022 አቁሟል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያኑ ናቸው)። ኳንት (ባንክ ውስጥ በሒሳብና በኮድ ሞዴል የሚሠራ ባለሙያ) መሆን የምትፈልጉ ደግሞ ሒሳብና ኮዲንግ ላይ ትፈተናላችሁ፤ እዚያ ፈተናውን ማለፍ ከስም ይበልጣል። ሐሳባችሁ ኦዲት ከሆነ ስለ ስም ብላችሁ ዕዳ ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም።

2. ደረጃ ሰንጠረዡን ተዉት፣ ቀጣሪው የት እንደሚሄድ እዩ

ባንኮች በየዓመቱ የሚመላለሱባቸው ዩኒቨርሲቲዎች «ታርጌት» ይባላሉ። ለኒውዮርክ ባንኮች ዋርተን (የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት)፣ ሃርቫርድ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ስማቸው ይነሳል። ለለንደን ባንኮች ደግሞ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ፣ ኤልኤስኢ (የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት)፣ ኢምፔሪያል፣ ዩሲኤል፣ ዋርዊክ። ዋርዊክን ልብ በሉልኝ። በ1965 የተከፈተ፣ ከለንደን ውጪ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለለንደን ባንኮች ግን ከብዙ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀድማል። ይህን የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ አይነግራችሁም።

ታርጌትነት እንደ ከተማውም ይለያያል። ለንደን ላይ በር የሚከፍት ስም ኒውዮርክ ላይ «የት ነው እሱ?» ሊባል ይችላል። መሥራት የምትፈልጉበትን ከተማ አስቀድሙ። ከሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የቪዛውን ነገር አደራ። አሜሪካ ውስጥ ኦፒቲ የሚባለው ከምረቃ በኋላ የመሥሪያ ፈቃድ 12 ወር ነው፤ ትምህርታችሁ በሳይንስና ሒሳብ ምድብ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመርበታል። ተራ ፋይናንስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ምድብ ውስጥ የለም፤ ፋይናንሻል ማቲማቲክስ ግን አለ። የዲፓርትመንቱን ስም ብቻ አይታችሁ አትመዝገቡ፣ ምድቡን ጠይቁ።

3. ሊንክድኢን ላይ ራሳችሁ ቁጠሩ

ብሮሹር ላይ «ተመራቂዎቻችን በታላላቅ ባንኮች ይሠራሉ» የማይል ዩኒቨርሲቲ የለም። አትመኑት፣ ቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ክፈቱ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚለውን ክፍል ተጫኑ፣ የባንኩንና የከተማውን ስም አስገቡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የመጣለትን ቁጥር አይቶ ይረካል፣ ስህተቱም እሱ ነው። አንድ በአንድ ክፈቷቸው። መቼ ተመረቁ? ከ20 ዓመት በፊት የገባ ሰው ስለ ዛሬ ምንም አይነግራችሁም። በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ገቡ ወይስ ሌላ ቦታ ኤምቢኤ ከሠሩ በኋላ? ሥራውስ ምንድን ነው? አናሊስት ሆኖ ዲል (የኩባንያ ግዢና ሽያጭ) የሚሠራና አይቲ ክፍል ያለ ሰው ሁለቱም ያው ባንክ ስር ነው የሚቆጠሩት። ከዚያ ለተማሪው ብዛት አካፍሉት፤ ከ40,000 ተማሪ 40 ሰውና ከ4,000 ተማሪ 40 ሰው አንድ አይደለም።

4. ካሌንደሩን አሁኑኑ ያዙ

ትልልቅ ባንኮች አዲስ ተመራቂ በብዛት የሚወስዱት ከራሳቸው የክረምት ኢንተርኖች ነው። ኢንተርንሺፑ 10 ሳምንት አካባቢ ነው፣ ከመጨረሻው ዓመት በፊት ባለው ክረምት። ለንደን ላይ ለአንደኛ ዓመቶች «ስፕሪንግ ዊክ» የሚባል አጭር ፕሮግራም አለ፣ ወደ ኢንተርንሺፑም መንገድ ይጠርጋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማመልከቻው የሚከፈተው ከዓመት በላይ ቀድሞ፣ ተማሪው ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለ ነው። ታርጌት ያልሆነ ግቢ ውስጥ ያለ ጎበዝ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ አራተኛ ዓመት ላይ ሲቪውን አሳምሮ ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል።

5. ገብታችሁ ከሆነና ስሙ ከሌለ

ሦስቱን ነገሮች በእጃችሁ መሥራት ነው። ግሬዳችሁን ጠብቁ፣ ምክንያቱም ስም የሌለው ሰው ዝቅተኛ ግሬድ አይታለፍለትም። ከዚያ ለቀድሞ ተማሪዎች ጻፉ፣ አጭር፦ «ሰላም፣ ሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። እርስዎም ከዚሁ ግቢ ተመርቀው አሁን ክሬዲት ላይ እንደሚሠሩ አየሁ። ከኦዲት እንዴት እንደተሻገሩ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል፤ 15 ደቂቃ ይበቃኛል።» ሥራ ስጡኝ አይልም፣ ሲቪም አልተያያዘበትም። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንዱን መልእክት ለሁሉም ስገለብጥ የቀደመውን ሰው ስም ሳልቀይር ልኬ አውቃለሁ። መልሱን ያው ትገምታላችሁ።

በቪዲዮ የሚደረገው ኢንተርቪው በሩን ትንሽ አስፍቶታል። ትልቁ የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ባንክ ጎልድማን ሳክስ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ግቢ እየሄደ ያደርግ የነበረውን የመጀመሪያ ዙር ኢንተርቪው በቪዲዮ ተካ። ጥሩ ነው፣ ግን ሰልፉም ረዘመ፤ ለ2024ቱ የጎልድማን የክረምት ኢንተርንሺፕ ከ315,000 በላይ ሰው አመልክቶ ከመቶ አንዱ እንኳን አልገባም። ሲኤፍኤ የሚባለውን የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች ፈተና ደረጃ አንድ ማለፍም ፍላጎታችሁን ያሳያል እንጂ የዩኒቨርሲቲን ስም አይተካም። ይልቅ ታርጌት የሆነ ቦታ የአንድ ዓመት ማስተርስ መሥራት፣ ወይም አነስ ያለ ድርጅት ገብቶ ከሁለት ዓመት በኋላ መሻገር ይሻላል። ያኔ የሚጠየቀው የሠራችሁት ሥራ ነው፣ ግቢው ወደ ሲቪው ግርጌ ይወርዳል።

የጎልድማን አለቃ ዴቪድ ሰለሞን እኮ ሃሚልተን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው የተመረቀው እያሉ የሚያጽናኗችሁ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ግን በ1984 ነው። ኮሌጁም ትንሽ ይሁን እንጂ ለመግባት ከባድ ነው። ባይሆን ሊንክድኢን ላይ ሃሚልተን ብላችሁ ተራ ቁጥር 3ን ሞክሩበት።