ፖርቱ ሞቷል ብላችሁ ስዊቹን ከመፍታታችሁ በፊት

የኔትወርክ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ኬብሉን ሰካችሁ፣ የፖርቱ (የኬብል መሰኪያው) መብራት ግን እምቢ አለ። ቶሎ ብላችሁ ብሎን መፍቻ አታንሱ። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጥሎ ያንኑ ኬብል አጠገቡ ያለው፣ እንደሚሠራ የምታውቁት ፖርት ላይ ሰኩት። እዚያ በርቶ እዚህ ካልበራ ያኔ ፖርቱን መጠርጠር ይቻላል። ሴቲንግ ያለው ስዊች ከሆነ ደግሞ ገብታችሁ ፖርቱ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። በሴቲንግ የተዘጋን ፖርት ተቃጥሏል ብሎ ስዊቹን በታትኖ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋ ሰው አውቃለሁ። እሺ፣ እኔው ነኝ።

መብራቱ በርቶ ፍጥነቱ ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ከወረደ ደስ ይበላችሁ፣ ጥሩ ፍንጭ ነው። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በአራት ሽቦ ብቻ ነው፦ በቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 6። ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከ4፣ 5፣ 7 እና 8 አንዱ በደንብ ካልነካ ፖርቱ እያነከሰም ቢሆን ሊሠራ ይችላል።

አሁን ስዊቹን ከመብራት ንቀሉ፣ ኬብሎቹንም በሙሉ አውጡ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወደ ፖርቱ ውስጥ እዩ። ስምንት ወርቃማ ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ ጫፋቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተከፋፈለ ፕላስቲክ መሀል ገብቶ፣ እኩል ተሰልፈው መታየት አለባቸው። የተጎዳው ወዲያው ያስታውቃል። ወይ ተጨፍልቆ ዝቅ ብሏል፣ ወይ ከቦታው ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው በደንብ ያልተጨመቀ የኬብል ጫፍ ነው። የስልክ ገመድ በስህተት ከተሰካም ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ሊያጎብጣቸው ይችላል።

ማቃናቱ የትዕግሥት ሥራ ነው። የቀጭን መርፌ ጫፍ ትንሽ አጉብጡና ከተኛው ፒን (ከወርቃማው ሽቦ) ሥር አስገቡት። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ እየሳባችሁ፣ ከጎረቤቶቹ እኩል ሲሆን ጫፉን ወደ ጥርሱ መልሱት። ወረንጦ ብዙ ጊዜ ስለሚወፍር ሌላውን ፒን ይዞ ይመጣል። ትልቁ ነገር ወዲያና ወዲህ አለማመላለስ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ቀንጠስ ይላል፣ እሱ ከሆነ ደግሞ በመርፌ የሚመለስ ነገር የለም።

ቆሻሻ ካለ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሽ ብሩሽ አድርጋችሁ አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ ሰዎች አሉ። ተዉት፣ የወርቁ ቅብ በጣም ስስ ነው፣ ከተላጠ ፒኑ ቶሎ ይዝጋል።

መልሳችሁ ስታበሩት ጤነኛ ኬብል ሰኩ። መብራቱን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፣ ፍጥነቱ 1000 መድረሱን አረጋግጡ፣ ትልቅ ፋይልም ላኩበት። ኬብሉን ትንሽ ነካ ስታደርጉት የሚቋረጥ ከሆነ ፒኑ ገና በደንብ አልተነሳም።

ፒኑ ከተሰበረስ? ሶኬቱን (የፖርቱን ቤት ራሱን) ከቦርዱ ነቅሎ መቀየር ይቻላል፣ ግን እኔ አልመክርም። ስዊች ላይ ፖርቶቹ ብዙ ጊዜ አራት፣ ስምንት እየሆኑ በአንድ ብረት ቤት ተያይዘው ነው የሚመጡት። ቦርዱም ሙቀቱን ስለሚጠጣው ተራ የብየዳ ካውያ ሶልደሩን ሳያቀልጥ ይቆይና፣ በጉልበት ስትስቡ የቦርዱ መስመር ተገንጥሎ ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ ፖርት ለማዳን ብላችሁ ስምንት አጣችሁ ማለት ነው። የሙቅ አየር ማሽንና ልምድ ያለው ሰው ይሞክረው።

ፒኖቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ፖርቱ ዝም ካለ፣ በተለይ ከመብረቅ በኋላ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ፖርቶች አብረው ከሄዱ፣ የተቃጠለው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ወይም ቺፑ ሳይሆን አይቀርም። ሶኬት መቀየር እዚህ ላይ ከንቱ ድካም ነው።

ያልዳነውን ፖርት በሴቲንግ ዝጉትና አፉ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። ካልሆነ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ይሰካበትና ኢንተርኔት የለም ብሎ እናንተው ጋ ይደውላል።